ኔትወርካችንን ላስተካከለችልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለተቸገራችሁ ደግሞ ጥቆማ

የቢሯችንን ኔትወርክ ላየችልን ባለሙያ በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ እፈልጋለሁ። እጇ ይባረክ! ዝም ብዬ "ጎበዝ ናት" ከምላችሁ ግን ሥራዋን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ችግራችን እንዲህ ነበር። ጠዋት ኮምፒውተር ሲከፈት አንዳንዱ ወዲያው ይገናኛል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። ገመዱ ደህና ነው፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። የአይፒ አድራሻው (ኮምፒውተሩ ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ግን በ169.254 የሚጀምር ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል። በፊት ያየልን ሰው "ራውተሩ አርጅቷል፣ ይቀየር" ብሎን ነበር።

እሷ ምንም ሳትነካ መጀመሪያ ጠየቀች። ሁሉም ላይ ነው ወይስ የተወሰኑት ላይ? አሮጌዎቹ ላይ ነው አዲሶቹ ላይ? የሚገርመው፣ የሚያስቸግሩት አዲሶቹና ፈጣኖቹ ነበሩ። ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች። ከዚያ አንዱን ኮምፒውተር አጥፍታ አስነሳችና በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን መልእክት በላፕቶፗ እያሳየች አስረዳችኝ።

ለኮምፒውተር አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ የሚባለው አገልግሎት ነው። ነገሩ በአራት መልእክት ያልቃል። ኮምፒውተሩ "አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?" ይላል። ሰርቨሩ "ይኸውልህ" ይለዋል። "እሺ፣ እሱን እወስዳለሁ" ሲል "በቃ ያንተ ነው" ይባላል። መልስ ካጣ ወደ 4 ሰከንድ ያህል ጠብቆ ይደግማል፣ ቀጥሎ 8፣ ቀጥሎ 16 እያለ ያራዝማል። ጭራሽ ሲያጣ ዊንዶውስ ከ169.254 ውስጥ ለራሱ አንድ አድራሻ ይመርጥና በየ5 ደቂቃው ሰርቨሩን መፈለጉን ይቀጥላል። የኛም "በራሱ ጊዜ የሚስተካከለው" ለዚህ ኖሯል።

ታዲያ ጥያቄው የት ይቀራል? ኮምፒውተሮቹን በገመድ የሚያገናኘው ስዊች የሚባለው ዕቃ ላይ። ስዊች አንድ መስመር ሲነሳ መልእክት ዙሪያውን እየተሽከረከረ ኔትወርኩን እንዳያጨናንቅ፣ ስፓኒንግ ትሪ በሚባል ዘዴ መጀመሪያ ያጣራል። 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል። በነዚያ 30 ሰከንዶች የኮምፒውተሩን መልእክት አያሳልፍም። ቶሎ የሚነሳው ኮምፒውተር ጥያቄውን የሚልከው በሩ ሳይከፈት ነው። አዝጋሚው ግን ሲደርስ ተከፍቶ ያገኘዋል።

መፍትሔው ስዊቹ ውስጥ የተደበቀ ፖርትፋስት የሚባል ማስተካከያ ነው። ኮምፒውተር የተሰካበትን ፖርት ሳያስጠብቅ ወዲያው ያስከፍተዋል። እሷ ያንን ያበራችው ኮምፒውተር ባለባቸው ፖርቶች ላይ ብቻ ነው። ስዊች ከስዊች የሚገናኝባቸውን አልነካችም፤ እዚያ ማጣሪያው የግድ ያስፈልጋል አለችኝ።

እኔን በጣም ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የማስተካከያዎች መዝገብ ውስጥ አይፒ ኦቶኮንፊገሬሽን ኤኔብልድ የሚባል ቁልፍ እንዳለና 0 ሲደረግ የ169.254 አድራሻ እንደሚቀር አንብቤ ነበር። እሱን እንድታደርግልን ጠየቅኳት። ቁልፉን አሳምራ ታውቀዋለች። "እሱ ምልክቱን ያጠፋላችኋል እንጂ አድራሻ አያመጣላችሁም። ደግሞ ሌላ ቀን ሲበላሽ የምታውቁበት ምልክት አይኖራችሁም" ብላ ተወችው። የሚያውቁትን ሁሉ ካልነካሁ የማይሉ ባለሙያዎች ብርቅ ናቸው።

በዚያው የእንግዳ ዋይፋዩንም አየችው። ሰርቨሩ አድራሻ የሚያከራየው ለ8 ቀን ነበር፤ የዊንዶውስ ሰርቨር ከመጀመሪያው ይዞት የሚመጣው ቁጥር ነው። ለእንግዶች የተመደበው የአድራሻ ክልል 254 አድራሻ ብቻ ነው ያለው። ለአንድ ስብሰባ መጥቶ የሄደ ሰው ስልክ ለ8 ቀን አንዱን ይዞ ይቀመጣል ማለት ነው። ወደ 2 ሰዓት አወረደችው። ስልኩ እዚያው ካለ የኪራዩ ግማሽ ሲደርስ ራሱ ማሳደስ ስለሚጀምር እንግዳው ምንም አይታወቀውም። የሠራተኞቹን ኮምፒውተሮች ግን በ8 ቀናቸው ተወቻቸው።

ስትጨርስ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጠችን። የነበረው ቁጥር፣ የተቀየረው ቁጥር፣ ለምን እንደተቀየረ፣ ወደ ነበረበት እንዴት እንደሚመለስ፣ ሁሉም አለበት። ራውተሩም ሳይቀየር እስካሁን እየሠራ ነው። ጠዋት ማንም ኢንተርኔት የለም ብሎ አይጠራኝም።

ለትንንሽ ቢሮ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ ዓይኔን ሳላሽ እጠቁማታለሁ። ሥራ ስለሚበዛባት ቀደም ብላችሁ ቀጠሮ ያዙ። የስዊቹንና የራውተሩን የይለፍ ቃልም ፈልጋችሁ አቆዩ፤ የኛ ጠፍቶ እሱን ስንፈልግ ብዙ ጊዜ ሄዷል። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች።