የድሮ የክትትል ጉድጓድ "በአንድ ቀን ዘግተን እንሄዳለን" ከሚሏችሁ ተጠንቀቁ

ያረጀ የቆሻሻ መድፊያ የምታስተዳድሩ ሰዎች፣ የከርሰ ምድር ውሃ መከታተያ ጉድጓዶቻችሁን ለማዘጋት ውል ከመፈረማችሁ በፊት እባካችሁ ይሄን አንብቡ። እኛ ጋ የመጣው ኮንትራክተር ከሁሉም ያነሰ ፕሮፎርማ አስገባ፣ ከዛ መጥቶ ያገኘውን አፈር ከላይ ገለበጠበት፣ አፉ ላይ ኮንክሪት ለጠፈ፣ ፎቶ አንስቶ ክፍያ ጠየቀ። ላዩን ላየው ሰው በደንብ የተዘጋ ነው የሚመስለው።

ችግሩ ያለው ታች ነው። ከላይ የተገለበጠ አፈር መሀል ላይ ተሰክቶ ይቀርና ከስሩ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ያ ክፍት ቱቦ ደግሞ ከቆሻሻው የሚወርደውን ፈሳሽ ቀጥታ ወደ ውሃው ያወርደዋል። ጋዙም በዛው ይወጣል፣ ሚቴን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከ5 እስከ 15 ፐርሰንት ሲደርስ ትንሽ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል፣ ቀላል ነገር አይደለም!

ትክክለኛው አሰራር መጀመሪያ ጥልቀቱን ለክቶ ጉድጓዱ ሲቆፈር ከተጻፈው መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው፣ ውስጡ የቀረ ፓምፕ ወይ ቱቦ ካለ ይወጣል፣ ከዛ ቀጭን ቧንቧ እስከ ታች ወርዶ የሲሚንቶና ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) ግራውት፣ ማለትም በውሃ የተበጠበጠ ማሸጊያ፣ ከስር ወደ ላይ ይሞላል። ከላይ ማፍሰስ የለም። ንጹህ ሲሚንቶ ከሆነ ለ50 ኪሎ ከ23 እስከ 27 ሊትር ውሃ አካባቢ ነው የሚገባው፣ እንዲፈስላቸው ብለው ውሃ ካበዙበት ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በማግስቱ ደሞ ግራውቱ ስለሚወርድ ተመልሰው መሙላት አለባቸው፣ እና "በአንድ ቀን" የሚለውን ስትሰሙ ይሄን አስቡ።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር ከኬሲንጉ (ጉድጓዱን ደግፎ ከያዘው ቱቦ) ውጪ ያለው ክፍተት ነው። የድሮ ጉድጓድ ላይ የውጪው ማሸጊያ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ መዝገቡም ላይኖር ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ ውስጡን ብቻ መሙላት አይበቃም፣ ኬሲንጉን ነቅሎ ወይ በሪግ (በመቆፈሪያ ማሽን) ዙሪያውን ቆፍሮ አውጥቶ ሙሉ ቀዳዳውን መሙላት ነው። በዋጋ ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣውም ይሄ ስለሆነ ፕሮፎርማው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ዋጋው ውስጥ የለም ብላችሁ ያዙት።

የገባውን መጠን ራሳችሁ አስሉት፣ ከባድ አይደለም። 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው 30 ሜትር ጉድጓድ ውስጡ ወደ 59 ሊትር ይይዛል፣ በ20 ሳንቲሜትር ተቆፍሮ ከወጣ ግን ወደ 940 ሊትር ይሆናል። ስንት ከረጢት እንደከፈቱ ቆማችሁ ቁጠሩ፣ ከስሌቱ ካነሰ የሆነ ቦታ ባዶ ነው ማለት ነው።

ደግሞ የሚመለከተው የአካባቢ ተቆጣጣሪ በጽሁፍ ሳይፈቅድ አንድም ጉድጓድ እንዳታስነኩ፣ ክትትሉ ውስጥ ገና የሚፈለግ ከሆነ አዲስ አስቆፍሩ ትባላላችሁ። የመጨረሻውን ክፍያ የጉድጓዱ ቁጥር፣ ጥልቀት፣ የገባው እቃ በሊትር ያለበት ሪፖርት እጃችሁ እስኪገባ ያዙ። እኛ ጋ አሁን ሌላ ድርጅት ያንን አፈር በሪግ እያወጣ ነው፣ ኬሲንጉ አንዳንድ ቦታ ታች ተሰብሮ ስለቀረ ስራው ከመጀመሪያው በጣም ከብዷል።