ሮቦት፣ ሬስሊንግ እና ሄቪ ሜታል፦ ከሦስት ጌሞች የቱን ልግዛ?

ብረት ለበስ ግዙፎች ተያይዘው ሲገለባበጡ፣ ከኋላ ደግሞ ጊታር ሲያጓራ። እንዲህ ያለ ጌም የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሦስቱንም እኩል አሟልቶ የያዘ እኔ አላገኘሁም። አንዱ ሙዚቃው ደም ያሞቃል፣ ሮቦቱ ግን ሮቦት ለመባል ትንሽ ይቀረዋል። ሌላው ሮቦት በሮቦት ነው፣ ሙዚቃው ግን ውሃ ውሃ ይላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከሦስቱ የቱ ቢቀር እንደማይከፋችሁ ወስኑ።

ያነጻጸርኳቸው ጊልቲ ጊር ስትራይቭ፣ ሜታል ጊር ራይዚንግ ሪቬንጀንስ እና ኦቨርራይድ ሜክ ሲቲ ብሮል ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በስም ይቀራረባሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። ጊልቲ ጊር የአርክ ሲስተም ወርክስ ነው። ሜታል ጊር ራይዚንግን ፕላቲነም ጌምስ ሠርቶት በኮናሚ በኩል ወጣ። ሻጩ አንዱን ጠይቃችሁት ሌላውን እንዳያቀብላችሁ።

ሬስሊንግ ከሁሉም በላይ ለሆነበት ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ በ2021 የወጣው ጊልቲ ጊር ስትራይቭ። ጌሙ የአንድ ለአንድ ፍልሚያ ነው። ከተፋላሚዎቹ መካከል እኛን የሚመለከተን ፖተምኪን ነው። እውነቱን ለመናገር ሮቦት አይደለም። ትልልቅ የብረት እጆች ያጠለቀ ወታደር ነው፤ ስታዩት ግን ልዩነቱ ብዙም አይታወቃችሁም። ሌሎቹ ሲሮጡና አየር ላይ ሲወረወሩ እሱ መሮጥ እንኳ አይችልም። ጡጫ እየጠጣ ቀስ ብሎ ይጠጋል። ከደረሰ ግን አለቀ። ባላጋራውን ያነሳል፣ አብሮት ይዘላል፣ መሬት ላይ ይፈጠፍጠዋል። መከላከያ አይመልሰውም፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ መሸሽ ነው። ይህን መያዣ የሚያስወጣው ትእዛዝ ጀማሪን ያስቸግራል። ጆይስቲኩን ከፊት ወደ ኋላ በግማሽ ክብ ታዞራላችሁ፣ መልሳችሁ ወደ ፊት ትገፋላችሁ፣ ከዚያ የቡጢ ቁልፉን። ጣታችሁ እስኪለምድ ብዙ ትሸነፋላችሁ። አንዴ ከያዛችሁ በኋላ ግን እንደሱ የሚያረካ ነገር የለም።

ሙዚቃውም አያሳፍርም። የጌሙ ፈጣሪ ዳይሱኬ ኢሺዋታሪ ራሱ ሙዚቃ ደራሲ ነው። የሮክና የሜታል ፍቅሩ ገጸ ባሕርያቱ ስም ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ለምሳሌ ካይ ኪስኬ ስሙን ያገኘው ከጀርመኑ ባንድ ከሄሎዊን ሰዎች፣ ከካይ ሃንሰንና ከሚካኤል ኪስኬ ነው። እያንዳንዱ ተፋላሚ የራሱ ዘፈን አለው።

ወደ ሜታል ጊር ራይዚንግ ስንመጣ ግን ሙዚቃው ሌላ ደረጃ ላይ ነው። ጌሙ በ2013 ነው የወጣው፤ በዚህ ጉዳይ የሚበልጠው አዲስ ጌም አላየሁም። ምስጢሩ አሠራሩ ላይ ነው። ከአለቃ ጠላት ጋር ስትፋለሙ መጀመሪያ የሚሰማው መሣሪያ ብቻ ነው። ዘፋኙ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ፍልሚያው ሲጋጋል፣ ወሳኙ ቅጽበት ሲደርስ ድምፁ ይለቀቃል። መግቢያው ላይ ሬይ የሚባል ሕንፃ የሚያህል ማሽን ስለቱን በጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ በራይደን ላይ ያወርዳል። ራይደን ይመክተዋል፣ ይይዘዋል፣ አንስቶም ይወረውረዋል። ዘፋኙ የሚጮኸው ያኔ ነው። እስቲ ይህን አይቶ ከወንበሩ የማይነሳ ሰው አሳዩኝ! (ታሪኩ የሚጀምረው ስሟ ባልተጠቀሰ የአፍሪካ አገር ነው። ስም ቢሰጧት ምን ነበረበት?)

ጉድለቱም አለ። ራይደን በዋናነት ሰይፈኛ ነው፤ መያዝና መጣል የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ለብቻ የሚጫወቱት ጌም ነው፣ ከጓደኛ ጋር አይሆንም። ዋናው ታሪክም አጭር ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። ከገዛችሁት አንድ ምክር፦ ጌሙ መመከትን በቅጡ አያስተምርም። ጆይስቲኩን ወደ ጠላት እየገፋችሁ የቀላል ምት ቁልፉን ተጫኑ። ይህን ያላወቀ ገና መጀመሪያው ላይ ተናዶ ይተወዋል።

ኦቨርራይድ በ2018 የወጣ ነው። ሮቦት ከተባለ ይሄ ነው፤ ፎቅ የሚያህሉ 12 ሮቦቶች ከተማ እያፈረሱ ይደባደባሉ። ሁለት እጅና ሁለት እግር ለየብቻ ቁልፍ አላቸው። ያለ እረፍት ከመታችሁ ሮቦቱ ይግላል፣ ቆም ማለት ግድ ይሆናል። የሚያስቀው ክፍል አንድን ሮቦት ለአራት ሰው ማካፈሉ ነው፤ አንዱ እጅ ይሆናል፣ ሌላው እግር፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። ሙዚቃው ግን ጆሮ ላይ አይቀርም። ዝጉትና የራሳችሁን ሜታል ክፈቱ። በ2020 ሁለተኛው ክፍል ሮቦቶቹን ወደ 20 አሳድጎ ወጥቷል፤ ለቤት ጨዋታ የምመክረው ግን የመጀመሪያውን ነው። ኦንላይን ተጋጣሚ አገኛለሁ ብላችሁ ግን አትግዙ።

የታወቀ ጊታሪስት ስም አይታችሁም አትሸወዱ። በ1994 ራይዝ ኦቭ ዘ ሮቦትስ የሚባል ጌም በኩዊን ባንድ ጊታሪስት በብራያን ሜይ ስም ብዙ ተወርቶለት ነበር። ለብቻ ሲጫወቱት ግን ከአንድ ሮቦት በቀር ሌላ መምረጥ አይቻልም ነበር።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ወንድም ወይም ጓደኛ ያለው፣ ለመልመድም ትዕግሥት ያለው ስትራይቭን ይግዛ። ብቻውን የሚጫወት፣ ኢንተርኔቱም የሚቆራረጥበት ሜታል ጊር ራይዚንግን። ልጆች የሰበሰበ ኦቨርራይድን። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እኔ ራይዚንግን እወስዳለሁ።

ራይዚንግ ግን ለፕሌይስቴሽን 4ም ሆነ 5 አልወጣም። ፕሌይስቴሽን 3፣ ኤክስቦክስ ወይም ኮምፒዩተር ይፈልጋል። ሌሎቹ ሁለቱ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ አሉ።

ኢትዮጵያ ሆናችሁ ከፕሌይስቴሽን ሱቅ የምትገዙ ደግሞ የስጦታ ካርዱን አጣሩ። አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ኢትዮጵያ ስለሌለች ብዙ ሰው የሌላ አገር አካውንት ነው የሚጠቀመው። የስጦታ ካርዱ የሚሠራው ደግሞ አካውንቱ ለተከፈተበት አገር ብቻ ነው። አካውንታችሁ የአሜሪካ ከሆነ ዱባይ ያለችው እህታችሁ እዚያው ገዝታ የላከችው ካርድ አይገባላችሁም። ከመላኳ በፊት ንገሯት።