ለኅትመት ዲዛይን ተማሪ፦ ማክቡክ ኤር ወይስ ያገለገለ ቲንክፓድ ከነሞኒተሩ?

ግራፊክ ዲዛይን የሚማሩ ልጆች ለላፕቶፕ ብር ማጠራቀም ሲጀምሩ የሚጠይቁት ያው አንድ ነገር ነው፦ የአፕል ኤም1 ቺፕ ያለው ማክቡክ ኤር ይሻላል ወይስ የሌኖቮው ቲንክፓድ? ለቪዲዮና ለሞሽን የሚዘጋጅ ሰው ማኩን ቢገዛ አይቆጭም። መጽሐፍ፣ ብሮሸር፣ ማሸጊያና ባነር ሠርቶ እንጀራውን ሊበላ ያሰበ ግን ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 እና 24 ኢንች ሞኒተር ይግዛ።

ከብሩ እንጀምር። የዕቃ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚዘል ድርሻውን ማወቁ ይበጃል። ከያዛችሁት ከእያንዳንዱ 100 ብር 55ቱን ለላፕቶፑ፣ 25ቱን ለሞኒተሩ፣ 10ሩን ለራም (ለጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) እና ለኤስኤስዲ (ለፋይል ማስቀመጫ) መድቡ፤ የቀረው 10 ብር ለገመድ፣ ለባትሪና ለሙከራ ኅትመት ይሁን። ማኩ ላይ ግን 100ውም እዚያው ያልቃል፤ ያውም ለባለ 8 ጊጋ ራሙ። አፕል በ2020 ሲያወጣው መነሻ ዋጋው 999 ዶላር ነበር፤ 16 ጊጋ ለማድረግ ሌላ 200 ዶላር ያስጨምር ነበር። ባለ 16ቱ ያገለገለም ሆኖ የሚወደደው ለዚህ ነው። ራሙም ኤስኤስዲውም ከቦርዱ ጋር አብረው የተሠሩ ስለሆኑ «ቀስ ብዬ አስጨምራለሁ» የሚባል ነገር የለም።

8 ጊጋ ለምን እንደማይበቃ በቁጥር እንየው። አንድ ኤ3 ፖስተር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክሰል ነው። በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በኅትመት ቀለም፣ አራት ቀለም ስላለው አንዱ ሙሉ ሌየር ወደ 70 ሜጋባይት ይይዛል። 3 በ2 ሜትር ባነር በ100 ዲፒአይ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሌየር 370 ሜጋባይት ያልፋል። አሥር ሌየር ሲደረብ፣ በጎን ክሮምና ቴሌግራም ተከፍተው፣ 8 ጊጋው ያልቅና ማሽኑ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። ቲ480 ላይ ሁለት የራም ቀዳዳ አለ፤ ከታች ያሉትን ብሎኖች ፈታችሁ ራሳችሁ ትጨምራላችሁ።

ሞኒተሩ ላይ ግን ቸኩላችሁ እንዳትገዙ። ሱቅ ስትሄዱ ሁለት ኤ4 ወረቀት ያዙ። ጎን ለጎን አቁማችሁ የሞኒተሩ ስክሪን ላይ አስደግፏቸው፦ ስፋታቸው 42፣ ቁመታቸው 29.7 ሴንቲሜትር ነው። ገበያውን የሞላው 23.8 ኢንች ባለ 16 በ9 ሞኒተር ቁመቱ 29.6 ገደማ ስለሆነ ወረቀቱ በልኩ አይገባበትም፤ 3 ሚሊሜትር ብሊድ (ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር የሚተው ትርፍ) ከላይና ከታች ሲጨመርማ ጭራሽ። ባለ 1920 በ1200ው፣ ማለትም 16 በ10 የሆነው፣ 51.8 በ32.4 ነው። የመጽሐፉ ሁለት ገጽ ከነብሊዱ በእውነተኛ መጠኑ ይታያል፤ በጎን ደግሞ ለፓነሎች ቦታ ይተርፋል። ዴል ዩ2412ኤም፣ ዴል ዩ2415፣ ኤችፒ ዜድ24አይ ከዚህ ወገን ናቸው፤ ሁሉም አይፒኤስ፣ ማለትም ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ብዙም የማይለወጥ ስክሪን። አሮጌ መሆናቸው አያስፈራ፣ መድከማቸው ነው የሚያስፈራው። ሙሉ ስክሪን ግራጫ ምስል አስከፍታችሁ ማዕዘኖቹን እዩ፤ ቢጫ ወይም ሮዝ የሚል ካለ ተዉት። ከዚያ ዝቅ ብላችሁ ከሥር ወደ ላይ ተመልከቱ፤ ቀለሙ ከጠቆረ ሻጩ ምንም ቢምል አይፒኤስ አይደለም።

የቲ480 የራሱ ስክሪን ደካማ ነው፤ ቀለሙ ደብዛዛ፣ ብርሃኑም ትንሽ። የማኩ ስክሪን በጣም ይበልጠዋል፣ ባትሪውም እንደዚሁ፤ መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩ አብሮ ይጠፋል፣ ማኩ ሥራውን ይቀጥላል። ነገር ግን በ13.3 ኢንች ላይ የመጽሐፍ ሁለት ገጽ ሲዘረጋ ፊደሉ ይደቅና ዓይን ያጠፋል። ማኩም ላይ ሞኒተር መሰካት ይቻላል፤ ከማኩ የተረፈ ብር ካለ።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ። ቲ480ን ከቲ480ኤስ ለዩ፤ «ኤስ» ያለው አንዱ ራሙ የተበየደ ነው፣ ቀዳዳው አንድ ብቻ። ቲ470ን በርካሽ ቢሰጧችሁም እለፉት፤ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2025 ላይ አብቅቷል። ባለ 1366 በ768 ስክሪን ያለው ቲ480ም ስላለ ሴቲንግ ገብታችሁ 1920 በ1080 መሆኑን አረጋግጡ። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ጫፉን ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት፤ መሙላቱ ከተቆራረጠ ቀዳዳው ከማዘርቦርዱ ላይ ላልቷል ማለት ነው፣ ጥገናውም ተራ ሥራ አይደለም። ሲበራ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ግቡ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው ተመለሱ። ባትሪውን ሌኖቮ ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራም እዩ። ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ የተሞላበት ብዛት 0 ካለ ባትሪው ተቀይሯል፤ ኮፒ ከሆነ 30 በመቶ ላይ ድንገት ድርግም ሊል ስለሚችል እዚያው ግማሽ ሰዓት አሠሩት። የጎደለውን ሁሉ፣ ባትሪም ይሁን ራም፣ ዋጋውን ከሌላ ሱቅ ጠይቃችሁ ከሂሳቡ አስቀንሱ። «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚለው ቃል ዋጋ ለመጨመሪያ እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

ማኩን ካልገዛሁ የሚል ደግሞ ብሩን ከመስጠቱ በፊት ሻጩ ፊት ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ከዋይፋይ ጋር እንደ አዲስ ያስነሳው። የሌላ ሰው አይክላውድ ወይም የድርጅት አስተዳደር ገጽ ከመጣ ያ ማክ በርካሽ የቀረበው ለምን እንደሆነ ታወቀ። ከ2016 እስከ 2019 የወጡትን በኢንቴል የሚሠሩ ማክቡኮች ግን ርካሽ ናቸው ብላችሁ አትነካኩ፤ የአብዛኞቹ የቁልፍ ሰሌዳ በአቧራ ይያዛል፣ አፕልም እየተዋቸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እዚህ አገር ማተሚያ ቤት ስትገቡ የምታገኙት በአብዛኛው ዊንዶውስና ኮርል ድሮው የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ነው። ደንበኛ የሚያመጣው የቆየ ጽሑፍ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መተየቢያ የተተየበ ሊሆን ይችላል፤ ዩኒኮድ (የጋራው የፊደል ኮድ) ካልሆነ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ነው። ፋይል ስትልኩ ፎንቱን ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ የመስመር ቅርጽ) ቀይሩ፣ ኮርሉንም ማተሚያ ቤቱ ወዳለው ቨርዥን ዝቅ አድርጋችሁ ሴቭ አድርጉ፤ አሮጌው ኮርል አዲሱን አይከፍትም።

ሞኒተሩ ቤት ሲገባ ብርሃኑን ቀንሱ። «ኅትመቱ ጠቆረብኝ» የሚለው ስሞታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከልክ በላይ ከበራ ስክሪን ነው። ነጭ ወረቀት አጠገቡ ይዛችሁ የስክሪኑ ነጭ ከወረቀቱ ጋር እስኪመሳሰል ዝቅ አድርጉት፤ በመሣሪያ ሲለካ በካሬ ሜትር ከ80 እስከ 120 ካንዴላ ማለት ነው። የስክሪን ቀለም የሚለካውና የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ ካሊብሬተር፣ ለአንድ ተማሪ ውድ ስለሆነ አምስት ሆናችሁ አዋጡና በወር አንድ ጊዜ ተቀባበሉት።