ትርፉ ብስክሌት ይቆይ ወይስ ይሸጥ? የጥቁሩና የባለ ማርሹ ንጽጽር

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ቤት ሁለት ብስክሌት ማየት ብርቅ አይደለም። አንደኛው ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ ሲመላለስ ይውላል፤ ሁለተኛው ከግድግዳ ተደግፎ፣ አቧራ ለብሶ፣ «አንድ ቀን ያስፈልገናል» እየተባለ ይከርማል። በእኔ ቤት ቆሞ የከረመው ባለ ማርሹ ነው፤ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከከተማ ከወጣ ወዲህ ለሁለት ዓመት ያህል የነዳው ሰው አልነበረም። በጎረቤቴ ቤት ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እሱ በየቀኑ የሚሄደው በባለ ማርሹ ሲሆን፣ ከአባቱ የቀረው ከባዱ ጥቁር ብስክሌት ግን በረንዳ ላይ ቆሟል። ሁለታችንም በአንድ ሰሞን «እንሽጠው ወይስ እናቆየው?» እያልን ስንመካከር የደረስንበትን እዚህ አሰፍራለሁ። ለሻጭ ብቻ ሳይሆን ቆሞ የከረመ ብስክሌት ለመግዛት ለሚያስብም ይጠቅማል፤ ሻጩ ሊያውቀው የሚገባውና ገዢው ሊመረምረው የሚገባው አንድ ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይህን ብስክሌት የሚነዳው ማን ነው፣ በየትኛው ቀን? «እንግዳ ቢመጣ»፣ «ምናልባት ልጁ ቢመለስ» የሚለው መልስ አይደለም። ጎረቤቴ ዋናው ብስክሌቱ ጥገና በገባ ቁጥር ጥቁሩን ያወጣዋል፣ የእህቱ ልጅም ቅዳሜ ቅዳሜ እህል ወደ ወፍጮ ቤት ይጭንበታል። እኔ ግን ባለ ማርሹ ስንት ቀን እንደወጣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ምልክት ባደርግ፣ በሦስት ወር ውስጥ አንድ ምልክት ብቻ ተገኘ፤ እሱም ጎማውን ልነፋ ያወጣሁበት ቀን ነበር።

ነዳጅ የማይፈጅ ዕቃ በመሆኑ ብስክሌት ቢቆም ምንም አይሆንም የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ፤ ይህ ግን ስህተት ነው። የውስጥ ጎማው ቀዳዳ ባይኖረውም እንኳ በሳምንታት ውስጥ አየሩን ቀስ በቀስ ያጣል፤ አየር ያጣው ጎማ የብስክሌቱን ክብደት እንደተሸከመ በአንድ ቦታ ታጥፎ ሲከርም በታጠፈበት በኩል ይሰነጠቃል፤ በረንዳ ላይ የሚያርፈው ፀሐይም ጎማውን ያደርቀዋል። ኩሽኔታ ውስጥ ያለው ግራሶ ይደርቃል፤ ክረምት ላይ ውሃ ከገባ ደግሞ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም እኩል ናቸው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቁሩ ብስክሌት ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ባለ ጥርስ ክብ ብቻ ያለው፣ ሰንሰለቱ ወፍራም፣ ፍሬኑም በብዛት በብረት ዘንግ የሚሳብ በመሆኑ፣ ዓመት ከቆመ በኋላ ዘይት ጠብ አድርገው፣ ጎማውን ነፍተው፣ ብሎኖቹን ጠበቅ ጠበቅ ካደረጉ ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ባለ ማርሹ ግን የፍሬኑም ሆነ የማርሹ ሽቦ በላስቲክ ሽፋን ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ሽቦው ከውስጥ ሲዝግ ማርሹ አልለወጥ ይላል፤ ሰንሰለቱም ቀጭን በመሆኑ የዛገበት መጋጠሚያ አልታጠፍ ብሎ በየዙሩ ይዘላል፤ ከፊት ያለው ስፕሪንግም ርካሽ ዓይነት ከሆነ ይጣበቅና ስሙ ብቻ ይቀራል። በእኔው ላይ ያገኘሁት ሌላ ጉዳት ደግሞ ከሁሉም አሳዝኖኛል፤ የኮርቻው ዘንግ አሉሚኒየም፣ ቴላዮው (ሌላው ሁሉ የሚገጠምበት የብስክሌቱ አካል) ብረት በመሆኑ፣ ሁለቱ ማዕድናት በእርጥበት እርስ በርስ ተያይዘው ዘንጉ ከፍም ዝቅም አልል ብሎ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ አውጥቼ ግራሶ ብቀባው ኖሮ አይደርስም ነበር።

የተጠባባቂ ብስክሌት ዋናው ችሎታ ሳይንከባከቡት መጠበቅ መቻሉ ስለሆነ፣ ከዚህ አንጻር ጥቁሩ በግልጽ ይበልጣል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ አሮጌውን «ቦታ ያዘብን» ብሎ በርካሽ ይሸጥና፣ አዲስ የሚመስለውን ባለ ማርሽ «ለክፉ ቀን» ብሎ ያስቀምጣል፤ ክፉው ቀን ሲመጣ ማርሹ አይሠራም።

ይህን ስል የጥቁሩን ጉድለት መሸሸግ አልፈልግም። ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ደረጃ ላለው ቤት ወይም ለትንሽ ልጅ አይመችም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የዝናብ ጊዜ ፍሬኑ ነው። ቸርኬው የሚያብረቀርቅ ልሙጥ ብረት ስለሆነ፣ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተታል፣ ብስክሌቱም ከተለመደው በጣም ርቆ ይቆማል፤ የባለ ማርሹ የአሉሚኒየም ቸርኬ በዝናብ የተሻለ ይይዛል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ለታዳጊ ልጅ ጥቁሩን መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። የመንገዱ አቀማመጥም ፍርዱን ይለውጠዋል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ከጣና ዳር በተዘረጋ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 380 ሜትሩ የዓባይ ድልድይም ለብስክሌት የተለየ መስመር ስላለው፣ ወደ ዓባይ ማዶ ለመሻገር ማርሽ መለወጥ የግድ አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ፣ ለምሳሌ ከፒያሳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ለሚኖር ሰው ግን ጥቁሩን ማቆየት ብረት ማከማቸት ነው፤ ለእሱ የሚቆየው ባለ ማርሹ መሆን አለበት፤ እንክብካቤውንም አብሮ መቀበል ይኖርበታል።

መለዋወጫን በተመለከተ ገዢዎች ደጋግመው የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ጎማ ላይ የተጻፈው ኢንች ብቻውን አያስተማምንም። በተለመደው የተራራ ብስክሌት ላይ ያለው 26 ኢንች ጎማ የሚገባው 559 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር በመሐል የሚለካ) ባለው ቸርኬ ላይ ሲሆን፣ ቀጭኑ 26 በ1 3/8 የሚባለው ግን 590 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ ሁለቱ አይለዋወጡም። በጥቁሩ ላይ ያለው ባለ 28 ኢንች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 635 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የሚሊ ሜትር ቁጥር ብዙ ጊዜ በጎማው ጎን ላይ ታትሞ ስለሚገኝ፣ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት አንብቦ መጻፍ መመላለስን ያስቀራል። ከሁለቱ ለየትኛው ጎማ በሰፈር እንደሚገኝ አስቀድሞ መጠየቅም የማቆየት ወይም የመሸጥ ውሳኔ አካል ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ብስክሌቱን ለማቆየት በዓመት የሚወጣውን፣ ማለትም የጥገናውን፣ የዘይቱንና በሁለት ሦስት ዓመት የሚለወጠውን ጎማ ድርሻ በአንድ በኩል፣ ብስክሌቱ ባይኖር ለባጃጅ ይከፈል የነበረውን በሌላ በኩል አስቀምጦ ማመዛዘን ይበጃል። በጎረቤቴ ስሌት የባጃጁ ወጪ በለጠ፤ በእኔ ስሌት ባጃጁ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ይሁን እንጂ ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ስለጨመረ፣ ዛሬ የሸጡትን ብስክሌት ነገ መልሶ መግዛት ከባድ ነው። «ከገዛሁበት አተረፍኩ» የሚለው ደስታም የሚያታልል ነው፤ በተገኘው ብር ያንኑ ብስክሌት መግዛት ካልተቻለ ትርፍ የለም። ስለዚህ የሚነዳ ሰው በስምና በቀን ካለ ይቆይ፣ ከሌለ ግን ቆሞ በመዛግ ዋጋው ሳይወርድ ይሸጥ ባይ ነኝ።

እኔ ባለ ማርሹን ለመሸጥ ስወስን ጊዜውን ግንቦት አደረግሁት፤ ክረምቱ ከገባ በኋላ ገዢ ይቀንሳል፣ ዝገቱም ይጨምራል። ከመሸጡ በፊት ሽቦዎቹን አስለወጥኩ፤ ጎማውን ግን አልለወጥኩም፤ ገዢው ስንጥቁን በዓይኑ አይቶ ዋጋውን ቢቀንስ ይሻላል ብዬ ነው። ቆሞ የከረመ ብስክሌት የሚገዛ ሰውም የጎማውን ጎን በጣቱ ቢያጥፍ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሮ ሰንሰለቱ በነጻነት መታጠፉን ቢያይ፣ ጎማውን ይዞ ግራና ቀኝ በመነቅነቅ ኩሽኔታው መላላቱን ቢፈትሽ፣ የኮርቻው ዘንግ ከፍና ዝቅ ማለቱን በገዛ እጁ ቢሞክር፣ ከማንኛውም ደላላ ቃል የበለጠ ያውቃል። በመጨረሻ ከፔዳሎቹ መሐል ሥር፣ ቴላዮው ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ጽፈን፣ ገዢውና እኔ በሁለት ወረቀት ላይ ፈረምን፤ የተሰረቀ ብስክሌት በሚዘዋወርበት ገበያ ያ ወረቀት ሁለታችንንም ይጠብቃል። የጎረቤቴ ጥቁር ብስክሌት አሁን በረንዳው ላይ የለም፤ ጎማው መሬት እንዳይነካ ከጣሪያ ማገር ላይ ተንጠልጥሎ ቅዳሜን ይጠብቃል።