የመንዝ ባና፦ በርገን ድረስ ወስጄ ያየሁት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የሚሸመነው የመንዝ ብርድ ልብስ፣ ይኮሰኩሳል። ሻጩ «ሲቆይ ይለሰልሳል» ቢላችሁ ግማሹን ብቻ እመኑት። ትንሽ ይገራል እንጂ እንደ ፋብሪካ ብርድ ልብስ አይሆንም። ለስላሳ የሚፈልግ ሰው የደብረ ብርሃኑን ብርድ ልብስ ይግዛ፤ እሱም ጥሩ ነው፣ ለመሸከምም ይቀላል። ብርድ ላማረረው ሰው ግን ከመንዝ ባና የሚበልጥ አላየሁም። ይህን የምለው የመንዝ ልጅ ስለሆንኩ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ እሱም አለበት።

ያደግኩት መሐል ሜዳ ነው። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። አሁን የምኖረው ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ነው። መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። እዚያ ልጆች ከአንድ ዓመታቸው ጀምሮ መዋዕለ ሕፃናት ይውላሉ፤ አንደኛ ክፍል የሚገቡት ስድስት ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ነው። በርገን በዓመት ከ200 ቀን በላይ ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት። ዘነበ ተብሎ ግን ቤት የሚቀር ልጅ የለም። በየቀኑ ውጭ ይጫወታሉ። ትንንሾቹ የቀን እንቅልፋቸውን እንኳ የሚተኙት ውጭ፣ ጋሪያቸው ውስጥ ነው። ብርድም ቢሆን። ይህን መጀመሪያ ለእቴቴ በስልክ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «ምን አጥፍተው?» አለችኝ።

ምንም አላጠፉም። ሱፍ ስለለበሱ ነው። ከሥር ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላይ ወፈር ያለ፣ ከዚያ ላይ ውሃ የማያስገባ የዝናብ ልብስ። ሱፍ ቢረጥብ እንኳ ሙቀት ይይዛል፤ ወላጆቹ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ባናዬን ይዤ ስሄድ ማስረዳት አላስፈለገኝም። እጃቸውን ጭነው «የምን በግ ነው?» ብቻ ነው ያሉኝ።

የመንዝ በግ ነው። ትንሽ በግ ነው፣ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሻካራ፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ። ጠጉሩን ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። ማቅለሚያ አይገባበትም፤ የምታዩት ቀለም የበጉ ነው። የኖርዌይ ልጆች በገላቸው ላይ የሚለብሱት ሱፍ ግን ሌላ ነው። ክሩ ቀጭን ነው፤ ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈረ ጠጉር ቆዳ ይወጋል። ባና ከሥሩ ነጠላ ወይም አንሶላ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ ያነጠፍኩት መሬት ላይ ነው። ጠዋት ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና እንዘፍናለን፣ ማን መጣ ማን ቀረ እንላለን። የመጀመሪያ ቀን አንዱ ጉንጩን ባናው ላይ አሸት አሸት አደረገና «ይወጋል!» ብሎ ተነሣ፤ ወዲያው ተመልሶ ሌላኛውን ጉንጩን አሸ። አንዷ የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ በጣም ተጨንቃ «በጉ አሁን ይበርደዋል?» አለችኝ። ጠጉሩ መልሶ ያድጋል አልኳት። በነጋታው ጃኬቷን ሳታወልቅ መጥታ «አደገ?» አለች። አሁንም ትጠይቀኛለች። ዘንድሮ አገር ቤት ስገባ የበግ ፎቶ ማምጣት ግዴታዬ ሆኗል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ባና ለጨቅላ ከላይ አይደረብም። ከባድ ነው። እኛ የምንጠቀምበት ለመቀመጫ ብቻ ነው፤ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲነጠፍ ከሥር የሚመጣውን ቅዝቃዜ ድርሽ አያስብልም።

አሁን ወደ መግዛቱ እንምጣ። ባናዬን የገዛሁት መሐል ሜዳ ገበያ፣ ከሠሩት ሰውዬ እጅ ነው። «አባባ፣ ሱፍ ብቻ ነው?» ስላቸው መልስ አልሰጡኝም። ከጫፉ አንድ ክር መዘዙና ክብሪት ጫሩ። ክሩ ተኮማተረ፤ እሳቱ ሲነሣለት ራሱ ጠፋ። የተቃጠለ ጠጉር ሸተተን። የቀረችውን ጥቁር ነገር በጣታቸው አሹዋት፣ ዱቄት ሆነች። «አሁንስ፣ ልጄ?» አሉኝ። ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት ከሆነ እንደ ላስቲክ ይቀልጥና ደርቆ ጠጠር ይሆናል።

ወንድሜ ደብረ ብርሃን ከአንድ ሱቅ «የመንዝ ነው» ተብሎ የገዛው እንደዚያ ነው የሆነው። ስሙን አልጠራም፤ ግን በባና ዋጋ ላስቲክ መሸጥ ነውር ነው። ስፌቱም ገና ሳይከርም ተተረተረ። ሸማኔው የሚሠራበት ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ባና የሚወጣው በቁራጭ በቁራጭ ተሸምኖ፣ ኋላ ተሰፍቶ ነው። ስለዚህ ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ አድርጉት። ወደ ፀሐይም ገልጣችሁ እዩት፤ ብርሃን በየቦታው ከሾለከ ልል ነው፣ ተዉት።

አጠባበቁ ላይ ቀልድ የለም። ሙቅ ውሃና ማሽን ክልክል። ሱፍ ሲሞቅና ሲታሽ ክሩ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቅርፊቶች እርስ በርስ ይያያዙና ይኮማተራል፣ ተመልሶም አይዘረጋም። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ልታግዘኝ ብላ ትንሿን ባና በ60 ዲግሪ አጠበቻት። የበር ምንጣፍ አክላ ወጣች። ልጆቹ ግን ደስ አላቸው፤ አሁን የአሻንጉሊቶች ፍራሽ ናት። እኔ አቧራውን አራግፌ አየር ላይ አሰጣለሁ፤ የግድ ካልሆነ አላጥብም። ብል እንዳይበላው ደግሞ በፌስታል ጠቅልዬ ለጥቂት ቀናት ፍሪዘር ውስጥ እከተዋለሁ። እቴቴ ፀሐይ ላይ ሰጥታ በዱላ ትወቃዋለች፤ ያው ነው፣ በርገን ፀሐይ ስለሌለ ነው እንጂ።

ሌላው ችግር ክብደቱ ነው። ትልቁ ባና 23 ኪሎ ከሚፈቀድልኝ ሻንጣ ሩቡን ይበላል። በሶው፣ ሽሮው፣ በርበሬው በቀረው ቦታ ይጣላሉ። ቅቤና ቋንጣ ለኖርዌይ አትድከሙ፤ ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድም። ባናውን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ጁላይ ላይ መዋዕለ ሕፃናታችን ለሳምንታት ይዘጋል፤ ልጆቹም እኛም ቀን እየቆጠርን ነው። በአገር ቤት ሐምሌ ማለት ጭጋግና ጭቃ ነው፣ አውቃለሁ። ሰዎች «ከዝናብ ወደ ዝናብ ትሄጃለሽ?» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። የበልጉ ገብስ የሚሰበሰብበት ወቅት ነው፣ ቆሎው ትኩስ ነው፣ እቴቴ እሳት ዳር ትቀመጣለች። ቡሄን ግን አልደርስበትም፤ ኦገስት አጋማሽ ላይ አዲሶቹ ልጆች እያለቀሱ ይገባሉ።

ለእነሱ የሚሆኑ ትንንሽ ባናዎች ቀድሜ በስልክ አዝዣለሁ። ሐምሌ ሄዶ አዝዞ ሐምሌ መውሰድ አይቻልም፤ ሸማኔው ገበሬም ነው። «ርዝመቱ መቶ አርባ ሴንቲ» ስላቸው «በክንድ ንገሪኝ» አሉኝ። የማን ክንድ? የሳቸው። ወንድሜ ሄዶ ክንዳቸውን በሜትር ለክቶ መጣ፣ ሒሳቡን ሠራን፣ ቀብዱን በቴሌብር ላክሁ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የማውቀው ዋጋ ሁሉ አርጅቷል። ብቻ ተከራከሩ፣ ግን የፈተለችውንም ሴት አስቡ።

ራሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጋችሁ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ትታጠፋላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውላችሁ ጠይቁ፤ የዘመኑ ነገር ይታወቃል።

ከአምስት አራት ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት ለክብደቱ ነው፣ መኮስኮሱን ለምጄዋለሁ። ቀለም ላይ ደግሞ፣ ነጩ ያምራል፣ ግን ልጅ ባለበት ቤት ሳምንት አይቆይም። ለልጆቹ ያዘዝኩት ጥቁር ነው። ነጩ አንድ ብቻ ነው፣ የእቴቴ።