ገንዘብ አፈላልጎ ክፍል የሚያደራጅ አገልግሎት፦ የአንድ የሒሳብ መምህር ግምገማ

የሒሳብ መምህር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ይዤ ስለኖርኩ የኮት እጅጌዬ ነጭ ነው። የኮሚቴ ጸሐፊነት የደረሰኝም የእጅ ጽሑፌ ይነበባል በሚል ሰበብ ነበር። ኮሚቴው የተቋቋመው ለኮሌጃችን የርቀት ማስተማሪያ ገንዘብ የሚያፈላልግ፣ ዕቃውንም አቅርቦ የሚተክል ድርጅት ለመቅጠር ነው። ቀጠርን፤ አንድ ዓመት ከአራት ወር አብረን ሠራን። ስሙን አልጠራም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ነገር በዚህ ሥራ በተሰማሩ ሌሎች ድርጅቶች ዘንድ ሳይኖር የሚቀር አይመስለኝም።

አገልግሎቱ አራት ነገር ይሸጣል፦ የፍላጎት ጥናት፣ የገንዘብ ጥያቄ ሰነድ ዝግጅት፣ የዕቃ አቅርቦትና ተከላ፣ የመምህራን ሥልጠና። ከ5 ኮከብ ስጥ ብባል ለሰነዱ 5፣ ለተከላው 3፣ ለሥልጠናው 1 እሰጣለሁ። ለጥናቱ ስንት እንደምሰጥ ስወላውል ከርሜአለሁ።

ከሰነዱ ልጀምር። ሰነዱን እንዲያዘጋጁ የተላኩት ባለሙያ በመጀመሪያው ስብሰባ የፍላጎት ዝርዝራችንን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ዝርዝሩ ረጅም ነበር፤ ወዲያና ወዲህ የሚዞር ካሜራ፣ ግድግዳ የሚያህል የንክኪ ስክሪን፣ የጣሪያ ማይክሮፎን፣ ሌላም ሌላም። አንብበን ስንጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «ለጋሹ የሰጠው ገንዘብ ባለቀ ማግሥት የዚህን ሁሉ ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው?» ዲኑ የፋይናንስ ኃላፊውን ተመለከቱ፤ የፋይናንስ ኃላፊው ጣሪያውን ተመለከቱ። እኔ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ስለነበር አቀርቅሬ ዳንኩ።

ከዚያ በኋላ የአምስት ዓመት ሠንጠረዥ ተዘጋጀ። በአንደኛው ዓመት ግዥው ይገባል። ከሁለተኛው ጀምሮ የሶፍትዌር ፈቃድ እድሳት፣ የኢንተርኔት ክፍያና የቴክኒሽያን ደመወዝ በየዓመቱ ይደገማሉ። በአራተኛው ዓመት የኃይል መጠባበቂያው ባትሪ ይቀየራል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነውና። በአምስተኛው ደግሞ ኮምፒውተሮቹ ያረጃሉ። ስንደምረው የማስኬጃው ወጪ ከግዥው እምብዛም አላነሰም። መደመር ለሚያስተምር ሰው ይህን በሌላ ሰው አፍ መስማት አያኮራም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ወደ 1.6 ቢሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ሆነው ነበር። በዚያ ጥድፊያ ከተገዛው ዕቃ ጥቂቱ በእኛም መጋዘን አለ። ከፊሉ ፈቃዱ አልቆበት፣ ከፊሉ ደግሞ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሠራተኛ ሥራ ለቆ ቆሟል። ያ ሁሉ ሲገዛ የሁለተኛ ዓመት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ የሠራ አልነበረም።

የባለሙያዋ ሁለተኛ ውለታ የኮሌጁን ድርሻ የሚመለከት ነው። ብዙ ለጋሾች ተቀባዩ ከራሱ የሆነ ነገር እንዲያዋጣ ይጠይቃሉ። እኛ የምናዋጣው የለንም ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር። እርሳቸው ግን ክፍሎቹን፣ መብራቱን፣ መምህራን ኮርስ ለማዘጋጀት የሚያጠፉትን ሰዓት በደመወዛቸው ልክ አስልተው በዓይነት መዋጮ አስገቡት። ለጋሹ ተቀበለው። ታዲያ ኦዲተር ሲመጣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጽ ይጠይቃልና በየሳምንቱ እየሞላችሁ ፈርሙ ብለውን ነበር። ሞላን፤ ተጠየቅንም። ያን ቅጽ በየዓርቡ ስሞላ ያጉረመረምኩትን ያህል ኦዲተሩ ገልብጠው ሲመልሱልኝ ደስ ብሎኛል።

ከዕቃው መግለጫ ላይ የምርት ስሞችን ፍቀው መሥራት የሚገባውን ብቻ ጻፉ። «ይህን ካሜራ» ከማለት ይልቅ «ከ8 ሜትር ርቀት በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ፊደል የሚያስነብብ» አሉ። ይህ ጨረታውን ከክርክር አዳነው። ኮርሱና የቤት ሥራው በኢንተርኔት ለሚቀመጥበት የትምህርት ማስተዳደሪያም ውድ ሶፍትዌር ከመግዛት ሙድል ይበቃችኋል ብለው ተከራከሩ። ሙድልን አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ እ.ኤ.አ. በ2002 ካወጣው ጀምሮ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት ይችላል። ለቀጥታ ትምህርቱም በካናዳው ካርልተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን ቢግብሉበተንን መረጡ፤ እርሱም የፈቃድ ክፍያ የለውም። ነፃ የሆነው ግን ፈቃዱ ነው፤ ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ከፈቃድ የተረፈውን ገንዘብ ለአንድ ቴክኒሽያን ቅጥር አዛወሩት። የኮሚቴው ግማሽ በዚህ ቅር ተሰኘ፤ ሰው በፎቶግራፍ ላይ እንደ ስክሪን አያምርም መሰለኝ።

አሁን ወደ ተከላው። የተከሉት ልጆች ትጉዎች ነበሩ፤ ገመዱን በሥርዓት ቀበሩ፤ አቧራውን ጠርገው ሄዱ። ነገር ግን በጣሪያ ላይ የሰቀሉት ማይክሮፎን ሁለት ሳምንት አሳበደን። ተማሪዎች «መምህር፣ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያወሩት?» ብለው ጻፉልኝ። ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ከአፍ እስከ ማይክሮፎን ያለው ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ከአፌ 20 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የጣሪያው ደግሞ 320 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ርቀቱ አራት ጊዜ እጥፍ ሆኗል፦ 40፣ 80፣ 160፣ 320። ይህ የ24 ዴሲቤል ኪሣራ ነው። ከግድግዳው ተመልሶ የሚያስተጋባው ድምፅ ግን በክፍሉ ሁሉ ስለሚናኝ እንዲያ አይደክምም፤ ስለዚህ የጣሪያው ማይክሮፎን ከእኔ ይልቅ ግድግዳውን ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ በደረት ማይክሮፎን ቀየሩልን፤ ርካሹ ዕቃ ውዱን ተካው። መጀመሪያውኑ በክፍሉ መሐል ቆመው አንዴ ቢያጨበጭቡ ኖሮ ማስተጋባቱን በጆሯቸው ይሰሙት ነበር።

ካሜራውም በየሩብ ሰዓቱ እየጠፋ ይመለስ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው «ሶፍትዌሩ ነው» አሉ። የራሳችን ቴክኒሽያን ገመዱን ለካው፤ 12 ሜትር የዩኤስቢ ገመድ! የተለመደው የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ያለ ማጉያ ከ5 ሜትር በላይ ሊታመን አይገባም። ማጉያ ሲገባበት ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ። ሁለት ኮከብ የቀነስኩት ስለ ማይክሮፎኑና ስለዚህ ገመድ ነው።

በአንጻሩ የሰነድ ካሜራውን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ትንሽ ካሜራ ነው፤ ከሥሩ ወረቀት አኑሬ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ተማሪው እጄን ያያል። የሒሳብ ማረጋገጫ የሚገባው ሲጻፍ ሲታይ ነው፤ ስሳሳት፣ ስሰርዝ፣ እንደገና ስጀምር። ከተገዛው ሁሉ ርካሹ እርሱ ነው፤ በየቀኑ የምጠቀምበትም እርሱን ነው። የንክኪ ስክሪኑ የስብሰባ አጀንዳ ይታይበታል።

ሥልጠናው አንድ ቀን ነበር። አሠልጣኙ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ቁልፎች አወሩ፤ ፊቱን የማያሳይ ተማሪ መረዳቱ በምን እንደሚታወቅ ስጠይቃቸው ግን «እርሱ የእናንተ ሙያ ነው» ብለው ወደ ቀጣዩ ስላይድ አለፉ። አንዷን ኮከብ የሰጠሁት በሰዓቱ ስለመጡ ነው።

ጥናቱ ላይ የወላወልኩበት ምክንያት የሚከተለው ነው። አጥኚዎቹ ክፍሎቹን ለኩ፤ የኢንተርኔቱን ፍጥነት መዘገቡ፤ መምህራንን አነጋገሩ። ሪፖርቱ 60 ገጽ ነበር። ትምህርት ስንጀምር ከተመዘገቡልኝ 41 ተማሪዎች የገቡት 17 ናቸው። የቀሩትን ደውዬ ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ ያላቸው ስልክ ነው፤ በስልኩም ላይ ተለክቶ የሚገዛ ዳታ። 8 ቢት አንድ ባይት ነውና፣ በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 675 ሜጋባይት ይጨርሳል። በሰከንድ 32 ኪሎቢት የሚሄድ የድምፅ ቅጂ ግን ለአንድ ሰዓት 14.4 ሜጋባይት ይበቃዋል። ወደ 47 ጊዜ ያህል ያንሳል። በስድሳው ገጽ ውስጥ «ተማሪው በእጁ ምን አለው?» የሚል ጥያቄ ፈልጌ አጣሁ።

የብሪታንያው ክፍት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበል በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ብቻ አልተማመነም፤ ለሳይንስ ተማሪዎች የቤተ ሙከራ ዕቃ በሣጥን አሽጎ በፖስታ ወደ ቤታቸው ይልክ ነበር። ያን ጊዜ ተማሪው ካለበት የጀመሩት ሰዎች የእኛ አጥኚዎች ያላቸው መሣሪያ ሩቡ እንኳን አልነበራቸውም።

ስለዚህ ለጥናቱ 2 ኮከብ። አንደኛዋ ልኬቱ ትክክል ስለነበረ ነው፤ ሁለተኛዋ ስሕተቱን ስነግራቸው ስላልተከራከሩኝ።

ስሕተቱን ያቃኑት እኚያው የሰነዱ ባለሙያ ናቸው። ገና ያልተገዛውን ሁለተኛ የንክኪ ስክሪን ሰርዘን ገንዘቡን ለተማሪዎች በውሰት ወደሚሰጡ ታብሌቶች ማዛወር እንችል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የበጀት ዝውውር ያለ ለጋሹ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳትነኩ አሉኝና ደብዳቤውን በሁለት ቀን አዘጋጅተው ላኩ። ፈቃዱ በአምስተኛው ሳምንት መጣ። እስከዚያው ድረስ ትምህርቱን በድምፅ እየቀዳሁ፣ በእርሳስ የጻፍኩትን ገጽ ፎቶግራፍ አንስቼ ከሥሩ አያይዤ በሙድል ላይ እጭን ነበር። በዘጠነኛው ሳምንት ፈተና የተቀመጡት 36 ናቸው።

ውሉ ሲታደስ ኮሚቴው የፈረመው ለሰነድ ዝግጅቱና ለጥገናው ብቻ ነው። ሥልጠናውን ቴክኒሽያናችንና እኔ ወስደነዋል፤ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አምስት አምስት መምህራን ሆነን፣ ያለ ስላይድ።