የወላጅና ልጅ መስተጋብር ሕክምና፦ ሲጀምሩ ምን ይጠበቃል?
ቁጡና እልኸኛ ለሆኑ ከ2 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች ከሚሰጡ አገልግሎቶች ይህን እናስቀድማለን፤ የሚሠለጥነው ወላጁ ነውና። እናት ወይም አባት ከልጁ ጋር ሲጫወቱ ባለሙያው በአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ ይመራቸዋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ማለፊያ ጥብቅ ነው፦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ምክንያቱ የተነገረ 10 ምስጋና፣ ልጁ ያለውን 10 ጊዜ መድገም፣ የሚያደርገውን 10 ጊዜ መግለጽ፤ ጥያቄ፣ ትእዛዝና ወቀሳ ተደምረው ከ3 መብለጥ የለባቸውም። «ጎበዝ» ብቻውን አይቆጠርም፤ «ኩቦቹን ቀስ ብለህ ስለደረደርክ ጎበዝ» ግን ይቆጠራል። ብዙ ወላጆችን የሚጥለው ጥያቄ ማብዛት ነው፤ ጨዋታውን ከልጁ እጅ ይነጥቃል። ትእዛዝ አሰጣጥ በሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል። ቀጠሮው በሳምንት አንዴ ነው፤ የቤቱ የ5 ደቂቃ የዕለት ልምምድ ከተዘለለ ለውጡ ይጓተታል። ወላጁ ሆን ብሎ ችላ ያለው የልጁ ቁጣ መጀመሪያ ላይ ሊብስ ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ የማይነግራችሁ ባለሙያ ዘንድ አትጀምሩ።